ቮልስ ወይስ ሰይቼንቶ?

የቆየ መኪና ገዝቶ፣ አሳድሶ ማኖር የሚወድ ሰው እኛ አገር ከሁለት አንዷን መምረጡ አይቀርም፤ ወይ ቮልስዋገን፣ ወይ ፊያት 600፣ ማለትም ሰይቼንቶ። ብዙው ሰው ቮልስን ይመርጣል። ምክንያትም አለው።

የሁለቱም ሞተር ከኋላ ነው፤ ነገር ግን ቮልስ የሚቀዘቅዘው በአየር፣ ሰይቼንቶ በውሃ ነው። ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ በእንጦጦ በኩል ወደ ሱሉልታ ለሚወጣ ሰው ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ሯጮች ለልምምድ የሚፈልጉት ስስ አየር ለሞተር ጠላት ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህሉን ይነጥቀዋል። ውሃም እዚያ ላይ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። እንግዲህ መጀመሪያ 633፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 ወዲህ ደግሞ 767 ሲሲ ሞተር የተሸከመችው ሰይቼንቶ ዳገት ላይ ብትጨስ አይፈረድባትም። ቮልስ ቺንጋው እስካልተበጠሰ ድረስ ውሃ አይለምንም።

ታሪክም ቢሆን ለቮልስ ያደላል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነበር። ይህን የማያውቅ የለም።

ለመሆኑ ተራውን ሰው ማን አመላለሰው? ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ፣ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ታክሲ ሆና የኖረችው ሰይቼንቶ አይደለችምን? ነርሷን ከሥራ፣ እናትን ከነዘንቢሏ ከገበያ ያደረሰች እርሷ ናት። ንጉሥ የተሳፈረበት ይታወሳል፤ ሕዝብ የተሳፈረበት ግን በኪሎ ይሸጣል።

ይህን የምለው በነገር አይደለም። ሱሉልታ የሚኖረው አጎቴ ሁለቱም አሉት። ገንዘቡ የሚበቃው አንዷን ለማሳደስ ስለሆነ፣ ሰይቼንቶዋን ለቆራሌው ሊሰጣት ዋጋ ተነጋግሯል።

"ጋሼ፣ ቮልሷን ይሽጧትና በገንዘቡ ሰይቼንቶዋን ያሳድሷት" አልኩት።

"አብደሃል? እንጦጦን እንኳ አትወጣም እኮ!"

"ስትወጣ ኖራለች፤ አሁን ብትቆምስ?"

ሳቀ፤ መልስ ግን አልሰጠኝም። ቆራሌውም በሳምንቱ እመለሳለሁ ብሏል።

ሐሳቤ ይህ ነው። ቮልስ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ የመጨረሻዋም ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ነው። ዛሬ ብትሸጥ ነገ የሚያሳድሳት አፍቃሪ አታጣም። ሰይቼንቶ ግን ጣሊያን ውስጥ መመረቷ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ከዚህች ግቢ ከወጣች የምትሄደው ወደ ማቅለጫ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ የጠፋችውን ከውጭ አምጥቶ መተካትም ዘበት ነው።

ለነገሩ ጋራዥ ገብቶ የሰማ ሰው የጣሊያን እጅ የት ድረስ እንደደረሰ ያውቃል። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ቺንጋ እያልን ጀርመናዊቷን ቮልስ እንኳ የምንጠግናት በጣሊያንኛ ቃል ነው። ቃሉን ይዘን መኪናዋን ለቆራሌ መስጠት ምን ይባላል?

ለመንዳት ያሰበ ቮልስን ይግዛ። ለማኖር ያሰበ ግን፣ ሌላ ሰው የማያኖራትን ያኑር።