ዳዊት መድገምና ዳዊት መስማት

በአገራችን ሌላውን መጽሐፍ «አነበብሁ» የሚል ሰው ስለ ዳዊት ሲናገር «ደገምሁ» ይላል። ይህ አነጋገር እንዲያው በዘፈቀደ የመጣ አይመስለኝም። ዳዊት አንድ ጊዜ ተነቦ የሚቀመጥ መጽሐፍ አይደለምና። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ለየዕለቱ ተከፍሎ፣ ቅዳሜ 150ው መዝሙር ያልቃል፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይደገማል፤ በማግሥቱ ደግሞ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። በቀድሞው ዘመን ፊደል የቈጠረ ልጅ መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌልን አልፎ ዳዊት በደገመ ጊዜ ወላጆቹ ይደግሱለት ነበር። ከዚያ ወዲያ ገበሬም ይሁን ነጋዴ፣ ዳዊቱን በማኅደሩ አንግቶ ይዞር ነበር።

እኛ ተማሪዎች በዚህ ነገር ስንጨዋወት ሁለት ወገን እንሆናለን። አንዱ ወገን «ትርጉሙን ሳያውቁ ግዕዙን መድገም የበቀቀን ንግግር ነው» ይላል። ሁለተኛው «ቃሉ የእግዚአብሔር ነውና እኛ ባናውቀው እርሱ ያውቀዋል» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ ሞቅ ሲል ደወል ይደወልና እንበተናለን። እኔ ግን ሁለቱም ወገኖች ያላሰቡትን አንድ ነገር በቤታችን ስላየሁ እርሱን ልጽፍ ወደድሁ።

አስቀድሞ ለፊተኛው ወገን አንድ ቃል ልመልስ። አባቶቻችን መጽሐፉ እንዳይገባን ብለው በግዕዝ አላስቀሩትም። በአክሱም ዘመን ቅዱሳት መጻሕፍት ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተመለሱት ግዕዝ የሕዝብ መነጋገሪያ ስለ ነበረ ነው። ቋንቋው ከገበያ ወጥቶ በቤተ ክርስቲያን ከቀረ በኋላም ሊቃውንቱ ግዕዙን እያነበቡ በአማርኛ «አንድም» እያሉ ሲተረጕሙ ኖረዋል። አቡ ሩሚ የሚባል ኢትዮጵያዊ በካይሮ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ለመመለስ 10 ዓመት ያህል ደክሟል፤ ሥራውም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1840 ሙሉው ታተመ። በ1954 ዓ.ም. የወጣውን ትርጉም ደግሞ ብዙዎቻችን በየቤታችን እናውቀዋለን። ስለዚህ የሚገባ ቃል አልጠፋም፤ በእጃችን አለ።

አሁን ወደ ነገሬ ልመለስ። አያቴ ዳዊትን ከቄስ አባታቸው ተምረው በቃላቸው ይዘውታል። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ መጽሐፉን አይከፍቱትም፤ ጧት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ መልሰው እንደ ውሃ ያወርዱታል። ትርጉሙን ግን እዚህም እዚያም ካልሆነ በቀር አልተማሩትም። ባለፈው ግንቦት ግዕዙና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመበት ዳዊት ስላገኘን፣ እርሳቸው አንዱን መዝሙር በግዕዝ ሲጨርሱ እኔ ያንኑ በአማርኛ እንዳነብላቸው ተስማማን።

በዚያው ሰሞን አባቴ የጓሯችንን ባሕር ዛፍ በቁሙ ለጎረቤታችን ለመሸጥ ተነጋግረው ነበር። ቀብድ አልተቀበሉም። ነገር ግን ጎረቤታችን «ለሌላ እንዳትሰጥብኝ» ቢላቸው «ማርያምን፣ ያንተ ነው» ብለውታል። ከሳምንት በኋላ አንድ ነጋዴ በመኪና መጣና 12,000 ብር እጨምራለሁ አለ። በዚህ ብልጫ የወጥ ቤቱ ቆርቆሮ ሊለወጥ ይችል ነበር፤ ዝናብ በመጣ ቍጥር በሦስት ቦታ ሳፋ እየደቀንን የምናበስልበት ወጥ ቤት ነው። እናቴ በጣም ደስ አላቸው።

ሰኞ ጧት እኔና አያቴ 14ኛው መዝሙር ላይ ደረስን። (አንዳንዱ የአማርኛ መጽሐፍ 15ኛ ይለዋል፤ ግሪኩና ግዕዙ 9ኛውንና 10ኛውን እንደ አንድ ስለሚቈጥሩ ነው።) መዝሙሩ አጭር ነው። ወደ እግዚአብሔር ማደሪያ ሊገባ የሚገባው ማን እንደ ሆነ ይጠይቅና፣ ሲመልስ ስለ ጾም ወይም ስለ ስግደት አያነሣም፤ ስለ ምላስ፣ ስለ ጉቦ፣ ስለ አራጣ፣ ምሎ ባልንጀራውን ስለማይከዳ ሰው ይናገራል። ከመሐላው ስደርስ አያቴ «ቆዪ! እስቲ ድገሚው» አሉኝ። ደገምሁት።

«ይህ ነው በአፌ ሲመላለስ የኖረው?»

«አዎን እማማ።»

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም ግዕዙን ራሳቸው እያንዳንዱን ቃል በጣታቸው የሚቈጥሩ ይመስል ቀስ ብለው አሰሙትና አባቴን አስጠሩ።

«ለሰውየው ማርያምን ብለህ አልማልህለትም?»

«እማዬ፣ እርሱ እኮ የአፍ ልማድ ነው እንጂ መሐላ ነው ወይ? ቀብድ እንኳ አልበላሁም።»

«የእኔም ዳዊት እስከ ዛሬ የአፍ ልማድ ነበር» አሉ አያቴ።

አባቴ «ዳዊትና ገበያ ለየብቻ ናቸው» ብለው ወጡ። ሦስት ቀን ያህል በቤታችን ብዙ ወሬ አልነበረም። በአራተኛው ቀን ጎረቤታችን መጥረቢያውን ይዞ ወደ ጓሮ ገባ፤ ዋጋው የመጀመሪያው ነው። አባቴ ስለ ነገሩ ምንም አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም። በክረምቱ ሳፋዎቹ ከየቦታቸው አልተነሡም። (ይህን የጻፍሁት አባቴን አስፈቅጄ ነው፤ «የብሩንም ልክ ጻፊው» ብለውኛል።)

በእኔ አስተያየት በአማርኛ ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን መዝሙር በሁለት ደቂቃ አንብቦ ሊያልፈው ይችላል፤ ቃሉ ሁሉ ስለሚገባው የሚያስቆመው የለም። አያቴን ያስቆማቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ተሸክመውት የኖሩት ነገር በድንገት ስለ ጓሯችን ባሕር ዛፍ ሲናገር መስማታቸው ነው። በአፋቸው ባያኖሩት ኖሮ እንዲህ ባልደነገጡ። ለሁለተኛው ወገን ደግሞ ይህን እላለሁ፤ እግዚአብሔርስ ግዕዙን ያውቀዋል፣ ጎረቤታችን ግን ዛፉን አጥቶ ይቀር ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሰኞው ሥርዐት ተበላሽቶብናል። 30 መዝሙር ማዳረስ ሲገባን፣ አያቴ በየመሥመሩ «ቆዪ» ስለሚሉኝ በአማርኛ አራት ወይም አምስት ብቻ አንብበን የትምህርት ሰዓት ይደርሳል። የቀረውን ብቻቸውን በግዕዝ ይጨርሱታል። በነጋታው ግን ካቆምንበት ካልቀጠልን አይሉም። ባለፈው ሰኞ አባቴ ጫማቸውን እያሰሩ፣ «ስንተኛው ላይ ናችሁ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ዘጠነኛው ላይ» አልኋቸው።

«እንግዲያስ ገና ጊዜ አለኝ» ብለው ወደ ገበያ ሄዱ።