የአቃቂ ውሃና የተማሪው ጠርሙስ

የአካባቢ ሳይንስ ተማሪ ከሩቅ ይታወቃል። ቦት ጫማ፣ የላስቲክ ጓንት፣ ከትከሻ የማይወርድ የበረዶ ሳጥን። የመመረቂያ ጽሑፍ ሲደርስ ዞሮ ዞሮ አቃቂ ቃሊቲ ይወርዳል። የት ይሂድ ታዲያ? ትልቁና ትንሹ የአቃቂ ወንዞች የአዲስ አበባን እድፍ በየሰፈሩ እየለቀሙ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ የሚወርዱት በዚሁ በኩል ነው።

ውሃ አቀዳዱ የራሱ ወግ አለው። ጠርሙሱ በዚያው በወንዙ ውሃ ይለቀለቃል፤ አፉ ወደ ወራጁ ይዞራል፤ የሚመረመረው ከባድ ብረት ከሆነ፣ ብረቱ ከጠርሙሱ ጋር እንዳይጣበቅ ጥቂት ናይትሪክ አሲድ ጠብ ይደረግበታል። ከዳር ሆኖ ቆስጣውን የሚያጠጣው ገበሬ ይህን ሁሉ ቆሞ ያያል።

«ልጄ፣ ውሃው እንዴት ነው?»

«ገና ላቦራቶሪ ይገባል፣ አባባ።»

«ያምናው ልጅም እንዲሁ ብሎኝ ነበር።»

ውሃው ላቦራቶሪ ይገባል፤ ተማሪው ይመረቃል፤ መልሱ እዚያው ይቀራል። ያልተጠና ነገር ሆኖ አይደለም። ተመራማሪው ፍስሐ ኢታና በአዲስ አበባ በሚበቅሉ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ያለውን ከባድ ብረት መርምረው ውጤቱን በ2002 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጤና ልማት መጽሔት አውጥተዋል። ግን መጽሔቱም የመመረቂያ ጽሑፉም እንግሊዝኛ ነው፤ ማሳው ድረስ አይወርድም።

ተፈጥሮን ማወቂያው ግን ጠርሙስ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከተመሠረተ (1966 እ.ኤ.አ.) ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። የተፈጥሮ ታሪክ ሰው ሥራው መቀመጥና ማየት ነው፤ የትኛው ወፍ መቼ መጣ፣ የትኛውስ ቀረ። የአባ ሳሙኤል ረግረግ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው ለሚመጡ ወፎች የበጋ ማረፊያ ነው፤ ዛሬ ግን በውሃው ያለውን የክሮሚየም ብረት መጠን እስከ ነጥቡ የሚያውቅ ተማሪ የአንዷን ወፍ ስም ቢጠየቅ ዝም ይላል። (መምህሩም ቢጠየቁ አልምልላቸውም።) ጠርሙሱ የያዘው የአንዲት ደቂቃ ውሃ ነው። ገበሬው ግን ውሃው በየትኛው ሰዓት ቀለሙን እንደሚለውጥ፣ አረፋው በየትኛው ወር እንደሚበዛ፣ እንቁራሪቱ መቼ ዝም እንዳለ ያውቃል። ከዚህ በላይ የተፈጥሮ ታሪክ የት ይገኛል? በተማሪው መጠይቅ ላይ ግን የሚጠየቀው ዕድሜውንና የትምህርት ደረጃውን ነው።

ዘንድሮ አቃቂ የምትወርዱ ልጆች፣ ጠርሙሱን ከመንከራችሁ በፊት ገበሬውን ጠይቁ። ውጤቱንም በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ መልሱለት። ቆስጣው እናንተም ቤት ይበላል።