ጥፍር ለመሥራት ስንት ሰዓት ይበቃል?

ባለፈው ዓመት በዲቪ የመጣች የእህቴ ልጅ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መኪና ውስጥ ጠየቀችኝ። «አክስቴ፣ የጥፍር ሥራ ልማር ነው። ትምህርት ቤት ልግባ ወይስ ሳሎን ውስጥ እየሠራሁ ልማር?» መብራቱ አረንጓዴ ሆነና «ትምህርት ቤት ይሻላል» ብያት ነዳሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያን ምርጫ እኔ ራሴ ስመርጥ የፈጀብኝን ጊዜና ገንዘብ፣ ከማን ጋር እንደተኳረፍኩ ሁሉ አስታወስኩ። የሦስት ቃል መልስ እንደማይበቃት ገባኝ።

እዚህ አገር ስመጣ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ዲፕሎማ ነበረኝ። ስድስት ዓመት ዋሽንግተን መሀል ከተማ፣ ከምድር በታች ባለ ፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ሠራሁ። ብዙ ሐበሻ የሚያውቀው ሥራ ነው። ክረምት ከበጋ አንድ ዓይነት ብርሃን፣ አንድ ዓይነት የመኪና ጭስ። የዘመዶቼን ጥፍር ግን ለሠርግም ለክርስትናም የምሠራው እኔ ነበርኩ። እጄ አይንቀጠቀጥም። «ለምን በዚህ አትኖሪበትም?» ያለችኝ አንዲት ሙሽራ ናት፤ እኔም በቁም ነገር ያዝኩት።

የመጀመሪያው ምርጫዬ ስህተት ነበር። በኢንተርኔት የሦስት ሳምንት ኮርስ ከፍዬ ወሰድኩ። ቪዲዮው ጥሩ ነበር፣ ምስክር ወረቀቱም የወርቅ ማኅተም ነበረው። በፍሬም አድርጌ ሰቀልኩት። ከዚያ ወደ አንድ ሳሎን ይዤው ስሄድ ባለቤቷ ፈገግ ብላ፣ «ፈቃድሽስ?» አለችኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ያለ ግዛቱ ፈቃድ የሰው ጥፍር በገንዘብ መሥራት አይቻልም። የእኔ ኮርስ ለፈቃዱ አንዲት ሰዓት እንኳ አልተቆጠረልኝም። ኮርሱ ውሸት አልነበረም፤ ከመክፈሌ በፊት መጠየቅ የነበረብኝን ጥያቄ ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ።

ሜሪላንድ ውስጥ መንገዱ ሁለት ነበር። አንደኛው እውቅና ባለው ትምህርት ቤት 250 ሰዓት መማር ነው። ሁለተኛው በቦርዱ ተመዝግቦ፣ ልምድ ባለው ባለፈቃድ ሥር ሳሎን ውስጥ ስምንት ወር መለማመድ፣ በሳምንት ቢያንስ 20 ሰዓት። ሁለቱም መጨረሻቸው ያው ፈተና ነው። ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ደግሞ የሚጠየቀው 150 ሰዓት ነበር፤ ካሊፎርኒያ 400። ጥፍሩ አንድ፣ ጣቱ አንድ፤ ሰዓቱ ግን በድንበር ይለያያል። የሒሳብ ሰው ነኝና ወረቀት አውጥቼ አሰላሁ። የለማማጇ ስምንት ወር ወደ 690 ሰዓት ይጠጋል፣ ከትምህርት ቤቱ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ግን ለማማጅ ትንሽም ቢሆን እየተከፈላት ትማራለች፤ ተማሪ ከፍላ ትማራለች።

ያቺ የሳሎን ባለቤት ቬትናማዊት ናት። ለማማጅ አድርጋ ልትወስደኝ ፈቃደኛ ነበረች። ሻይ እየጠጣን የራሷን ሕዝብ ታሪክ ነገረችኝ። በ1975 ሳይጎን ስትወድቅ የሸሹ ሴቶች ካሊፎርኒያ ውስጥ ሆፕ ቪሌጅ የሚባል የስደተኞች መጠለያ ነበሩ። የሂችኮክ «ወፎቹ» ፊልም ላይ የተወነችው ቲፒ ሄድረን ልትረዳቸው ስትመጣ ሴቶቹ ጥፍሯን አይተው ተደነቁ። ጥፍር ሠሪዋን አምጥታ አሳየቻቸው፣ ከዚያም ሃያዎቹ በአካባቢው የውበት ትምህርት ቤት እንዲማሩ አደረገች። ከነዚያ ሃያ ሴቶች በኋላ እህት ለእህት፣ አክስት ለእህት ልጅ እያስተማረች ዛሬ ካሊፎርኒያ ውስጥ አብዛኛው የጥፍር ሥራ በቬትናማውያን እጅ ነው። «እኛን ያቆመን ወንበር አጠገብ ተቀምጠን፣ በቋንቋችን መማራችን ነው» አለችኝ። ታክሲውንና ፓርኪንጉን እኛስ እንዴት ያዝነው? አንዱ ገባና ሌላውን ጠራ። እውነቷን ነው።

እኔ ግን ትምህርት ቤቱን መረጥኩ። ምክንያቴ ሁሉ ክቡር አልነበረም። ደብረ ማርቆስ ላሉት እናቴ በስልክ ሳዋያቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና «የሰው እግር ልታጥቢ ነው አሜሪካ የሄድሽው?» አሉኝ። «እማዬ፣ ጸሎተ ሐሙስ ቄሱ እግርዎን ሲያጥቡ ያለቅሱ የለም እንዴ?» ብላቸው፣ «እሳቸው ገንዘብ አይቀበሉም» ብለው ዘጉት። «ትምህርት ቤት ገባሁ» የሚለው ቃል ለእናቴም ለእኔም ውርደቱን የሚያቀልልን መሰለኝ። የዕቁብ ዕጣዬ ሲደርሰኝ ገንዘቡን እንዳለ ለምዝገባ ከፈልኩ። ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ትምህርት፤ በሳምንት አምስት ምሽት፣ በምሽት አራት ሰዓት። ሦስት ወር አለፈ።

የመጀመሪያው ወር አሰለቸኝ። ስለ ውበት ይሆናል ብዬ ስገባ ስለ በሽታ ሆነ። ጥፍር የሚበቅለው ከቆዳው ሥር ከተደበቀው ክፍል መሆኑን፣ የእጅ ጥፍር በወር ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ እንደሚያድግ፣ ስለዚህ ያበላሸነው ጥፍር ተተክቶ ለመውጣት ግማሽ ዓመት እንደሚፈልግ ተማርን። ያ ሰማያዊ ፈሳሽ ጌጥ አይደለም፤ መሣሪያው ታጥቦ አሥር ደቂቃ ሙሉ ካልተዘፈቀበት ዋጋ የለውም። በደንብ ያልደረቀ ጄል ቆዳ እየነካ ከሄደ አለርጂ ያመጣል፤ አለርጂው አንዴ ከያዘ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ነው። ከደንበኛዋ ይልቅ በየቀኑ የምትነካው ሠራተኛዋ ትጎዳለች።

አንድ ምሽት አስተማሪያችን ጥፍር ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የሚወርድ ጥቁር መስመር በሥዕል አሳየችን። በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ የተለመደ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ምንም አይደለም አለች። አዲስ የወጣ፣ በአንድ ጣት ብቻ ያለ፣ እየሰፋ የሚሄድ ወይም ወደ ቆዳው የተሻገረ ከሆነ ግን ኩቴክስ ቀብታችሁ አትሸፍኑት፣ ሐኪም ይየው። ከዚያ ቦብ ማርሊን አነሳች። በ1977 እግሩ ጣት ላይ የታየው ነገር የኳስ ጉዳት መስሎ ነበር፤ ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ በ1981 በ36 ዓመቱ ሞተ። ሻሸመኔ ድረስ የመጣውን፣ በቤተ ክርስቲያናችን የተጠመቀውን ሰው አሟሟት ያወቅሁት በጥፍር ትምህርት ነው።

ፈተናውን አልፌ ሳሎን ስገባ ሌላ እውነት ጠበቀኝ። አንድ ሙሉ አክሪሊክ ለመሥራት ሁለት ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው፣ በለማማጅነት የወጣችው ልጅ በአንድ ሰዓት ጨርሳ ቲፗን ኪሷ ትከታለች። የተቆጣች ደንበኛ እንዴት እንደምትለዝብ፣ ሞረድ እንዴት ሳያቃጥል እንደሚያዝ ታውቃለች። እኔ የበሽታውን ስም አውቃለሁ። በዚያ ዓመት ብዙ ቀን በምርጫዬ ተጸጽቻለሁ።

አንድ ቅዳሜ አንዲት የሐበሻ እናት ለልጃቸው ሠርግ መጡ። አውራ ጣታቸው ላይ ጥቁር መስመር ነበር። «ይቺን ደህና አድርገሽ ሸፍኚልኝ» አሉ። መቼ እንደወጣ ጠየቅኋቸው። «ከፋሲካ ወዲህ ነው፣ ይሰፋል መሰለኝ።» ያንን ጣት ሳልቀባ ተውኩትና ሐኪም እንዲያዩት ለመንኳቸው። ሴትዮዋ ክፉኛ ተቆጡ። «ጥፍር ሠሪ ነሽ ወይስ ዶክተር?» ብለው ዘጠኝ ጣታቸውን አሠርተው፣ የዘጠኙን ከፍለው ወጡ። ባለቤቷም ደስ አላላትም።

ከሁለት ወር በኋላ ተመልሰው መጡ። ሐኪሙ ናሙና ወስዶ ነበር፤ ምንም አይደለም ተባሉ። «አስደንግጠሽኝ ነበር» አሉና እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ አሥሩንም። ሕይወታቸውን አላዳንኩም። ግን ያን ቀን ያዩትና ያላዩት ነገር ለየብቻ መሆኑን፣ እኔም የማየት ሥራ እንደምሠራ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ለእናቴ ሥራዬን ስናገር ድምፄን ዝቅ አላደርግም።

እና ለእህቴ ልጅ በማግስቱ ደወልኩላት። የትኛውም መንገድ ቢሆን መጀመሪያ ቦርዱ የሚቀበለው መሆኑን ራስሽ አረጋግጪ፤ የሰው ወሬም የወርቅ ማኅተምም አትመኚ አልኳት። ለማማጅ ከሆንሽ ምዝገባሽ ሳይጸድቅ የሠራሽው ሰዓት አይቆጠርም፤ የምታሠለጥንሽን ሴት እጅ ብቻ ሳይሆን የመሣሪያዋን ዕቃም እዪ፤ መስኮት ወይም አየር መምጠጫ ከሌለው ሳሎን ውጪ። ትምህርት ቤት ከሆነ ስንቱን ሰዓት በሰው እጅ ላይ፣ ስንቱን በፕላስቲክ ጣት ላይ እንደምትሠሪ ሳትጠይቂ አትክፈይ።

ሰምታኝ ስታበቃ፣ «አክስቴ፣ እኔ ለእማዬ በየወሩ መላክ አለብኝ። ሥራ ማቆም አልችልም፤ ለማማጅ እሆናለሁ» አለች። ልከራከራት አፌን ከፍቼ መለስኩት። ልጅ ሆነን ክረምት ሲገባ እናቴ የእንሶስላ ሥር ወቅጠው እጃችንን በቅጠል ጠቅልለው ያስተኙን ነበር፤ ጠዋት ጥፍራችን ቀልቶ ይነጋል። እሳቸውን ማን አስተማራቸው? አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት።

የመማሪያ መጽሐፌን ቅዳሜ አደረስኩላት። ጥቁሩ መስመር ያለበትን ገጽ አጥፌላታለሁ።