የኤሌክትሮኖች ትልም

እኛ የሥነ ጥበብ ፋኩልቲ ተማሪዎች ከሳይንስ ፋኩልቲ ወዳጆቻችን ጋር በአንድ ማዕድ ስንበላ ደጋግመን የምንሰማው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም «ይህ በአማርኛ አይነገርም» የሚል ነው። ለሙግትና ለቅኔ የበቃ ቋንቋ ስለ ኤሌክትሮን ሲሆን ድዳ ይሆናል ማለታቸው ነውና ነገሩ አንገበገበን። ስለዚህ ከትምህርታቸው ከባዱን መርጠው እንዲሰጡን ጠየቅናቸው። እንግዲህ አንባቢ ይፍረደን። ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር እንጽፋለን።

ነገሩ የሚጀምረው በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ ነው። ካመርሊንግ ኦነስ የተባለው ሊቅ በ1908 ሂሊየምን ወደ ፈሳሽነት ለወጠ። በ1911 ደግሞ ባዜቃን ቢያቀዘቅዘው፣ ብርዱ 4.2 ኬልቪን ሲደርስ ለኤሌክትሪክ የነበረው እንቅፋት በድንገት ጠፋ። (ኬልቪን የሚቆጠረው ከዜሮ በታች ከ273 ዲግሪ ጀምሮ ነው።) ከዚህ ዓይነት ነገር በተሠራ ቀለበት ውስጥ የተለቀቀ ጅረት ገፊ ሳይኖረው ይዞራል። ይህን ጠባይ ልዕለ አስተላላፊነት ብለነዋል፤ ቃሉ ግዕዝ ግዕዝ ቢልም የተቃወመን ስለሌለ አልፈነዋል።

ያስቸገረን ሁለተኛው ነው። ቲታንየም ወይም ኒዮቢየም ከሴሌንየም ጋር፣ ታንታለምም ከድኝ ጋር ሲዋሐድ (ታንታለም እንኳ ከአገራችን ከቀንጢቻም ወጥቷል) የሚገኘው ነገር እንደ ተደራረበ እንጀራ ስስ ስስ ሆኖ የተነባበረ ነው። አንዱን ንብርብር ከሌላው ጋር የሚያያይዘው ኀይል ደካማ ስለሆነ በቀላሉ ይላጣል። ሙቀት ሳለ ኤሌክትሮኖቹ በየንብርብሩ እኩል ተበትነው ይኖራሉ። ብርዱ ሲበረታ ግን አንድ ስፍራ ጠቅጠቅ፣ ቀጥሎ ሳሳ፣ ደግሞ ጠቅጠቅ እያሉ በተመጠነ ርቀት ይሰለፋሉ፤ አተሞቹም አብረዋቸው ጥቂት ፈቀቅ ይላሉ። ፈረንጆች ሞገድ ይሉታል። እኛ ግን ሞገድ የሚሄድ ነገር ነው፣ ይህ ቆሞ የቀረ ነው ብለን ትልም አልነው። የታረሰ ማሳ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። የፊዚክሱ ወዳጃችን «ትልም አራሽ ይሻል፤ ይህን ማን አረሰው?» ብሎ ሞገተን። ራሳቸው አረሱት አልነው።

በቲታንየሙ ትልሙ የሚወጣው ብርዱ ወደ 200 ኬልቪን ግድም ሲደርስ ነው። በታንታለሙ ደግሞ አተሞቹ 13 13 እየሆኑ በኮከብ አምሳል ይሰበሰባሉ፤ ብርዱ ሲጠና ኤሌክትሪክ ማሳለፍም እንቢ ይላል።

አሁን ወደ ግፊቱ እንምጣ። ናሙናው ብዙ ጊዜ በሁለት አልማዝ ጫፎች መካከል ተይዞ ይጨመቃል። በ2008 ታንታለሙ ሲጨመቅ በ5 ኬልቪን አካባቢ ልዕለ አስተላላፊ ሆነ፤ ግፊቱ 25 ጊጋፓስካል፣ ማለት በባሕር ዳርቻ ካለው የአየር ግፊት 250,000 ያህል እጥፍ ቢደርስም ጠባዩ አልተወውም። በ2009 ደግሞ ቲታንየሙ ከ2 እስከ 4 ጊጋፓስካል ባለው መካከል ብቻ፣ ቢበዛ በ1.8 ኬልቪን፣ ያንኑ አሳየ።

ይህን በሰማን ጊዜ ከመካከላችን የታሪክ ተማሪዎቹ ደስ አላቸው። ግፊት የቆመውን ሥርዓት አፈረሰ፣ ጅረቱም ነጻ ወጣ ብለው ለክርክር ክበብ የሚሆን ንግግር እስከ ማዘጋጀት ደረሱ። ነገሩ ግን ለንግግር አልመች አለ። ኒዮቢየሙ ያለ አንዳች ጭመቃ በ33 ኬልቪን ትልሙን ያወጣል፤ በ7.2 ኬልቪንም ትልሙን ሳያፈርስ ልዕለ አስተላላፊ ይሆናል። ሁለቱ በአንድ ቤት ይኖራሉ። ቲታንየሙም በ2014 በኤክስ ሬይ ተመርምሮ ሲታይ፣ ትልሙ ፈጽሞ የሚጠፋው በ5.1 ጊጋፓስካል ግድም ሆኖ ተገኘ፤ ልዕለ አስተላላፊነቱ ግን ከዚያ አስቀድሞ አልቋል። እንግዲህ የአንዱ መምጣት በሌላው መጥፋት ነው ለማለት አይቻልም። መርማሪዎቹ ያዩት ሌላ ነገር ነው፤ የአንዱ ማሳ ትልም ከጎረቤቱ ትልም ጋር ሳይገጥም የሚቀርበት ድንበር መበጀቱን። ልዕለ አስተላላፊነቱ ከዚህ ድንበር ጋር ሳይዛመድ አይቀርም ብለው ጠርጥረዋል። የታሪክ ተማሪዎቹ ንግግራቸውን አጥፈው አስቀመጡት፤ እኛ ግን ከንግግሩ ይልቅ ድንበሩ ደስ ብሎናል።

የፊዚክሱ ወዳጃችን በዚህ አላበቃም። ትልሙ ከአተሞቹ ርቀት ጋር በልክ ሳይገጥም የሚቀርበት ጊዜ አለና ይህን ምን ትሉታላችሁ ብሎ ጠየቀን። ያልተገጣጠመ ብንለው ፊቱን አጨማደደ። ከመካከላችን አንዱ፣ በክረምት ዕረፍት ከአባቱ ጋር የሚያርስ ልጅ፣ «የተዛነፈ ነው የሚባለው» አለ። የተዛነፈ ትልም። ወዳጃችን ይህን አንድ ቃል ሳይከራከር በደብተሩ ጻፈው።