የኩል ትውልድ

በእኛ በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደጀን አንሥቶ በብቸና በኩል እስከ ሞጣ ባለው ደጋ፣ ልጅ ለጋብቻ በታሰበች ጊዜ ሽማግሎች ተቀምጠው የሁለቱን ወገን ትውልድ እስከ ሰባት ቤት ቈጥረው ዝምድና አለመኖሩን ሳያረጋግጡ ቃል እንደማይሰጡ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በሠርጓ ዋዜማ እጅና እግሯን ያቀላው እንሶስላ፣ ጠጕሯን ያወዛው ቅቤ፣ ለቅቤውም መዓዛ የሰጠው አደስ፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ዐይኗን ያጠቈረው ኩል ከማን ተወለደ ብሎ እስከ አንድ ቤት እንኳ የቈጠረ ሽማግሌ አላጋጠመኝም። ሙሽራዪቱ በትውልዷ ተመርምራ ስትገባ ኩሉ ያለ ዋስ ይገባል።

እንሶስላውና አደሱ ብዙ አያደክሙንም። እንሶስላ በእርጥብና በጥላማ ስፍራ የሚበቅል፣ አበባው ነጭ የሆነ ተክል ነው፤ ሥሩ ተቀጥቅጦ በእጅና በእግር ታስሮ ሲያድር ቅላቱን ይተዋል። አደስም ቅጠሉ ደርቆና ተወቅጦ ከለጋ ቅቤ ጋራ ይዋሐዳል። ሁለቱም የአገር ልጆች ስለ ሆኑ ምስክር አይጠሩም። ዝባድ ግን መንገደኛ ነው፤ ከጥርኝ ተወስዶ፣ በቀንድ ታሽጎ፣ ከእናርያ በነጋዴ ተጭኖ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ስሙ በገነነው በጎጃሙ የባሶ ገበያ ከወርቁና ከዝሆን ጥርሱ ጋራ እየተሸጠ ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ይወርድ ነበር። በኬሚካል እስኪተኩት ድረስ የፈረንሳይ ሽቱ ቀማሚዎች መዓዛ እንዲቈይላቸው አጥብቀው ይሹት ስለ ነበረ፣ ከከተማ የመጣች ልጅ የፓሪስ ሽቱ ተርከፍክፋ ስትገባ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ የሚሸፍኑት አሮጊቶች ምናልባት የሚሸሹት የባሶን ነጋዴ የልጅ ልጅ ነው።

ወደ ኩል እንመለስ። በብቸና አካባቢ የሚኖሩት አያቴ የሚያውቁት ኩል ድንጋይ ነው፤ የሚያብረቀርቀውን ጥቁር ድንጋይ ከገበያ ገዝተው፣ አድቅቀው ፈጭተው፣ በሻሽ ነፍተው፣ በትንሽ ቀንድ ውስጥ ያኖሩታል፤ መኳያውም በቀንዱ አፍ ተሰክቶ ይውላል። የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥታ፣ ጫፉ የሾለ እንጨት ከቦርሳዋ አውጥታ በትንሽ መስተዋት ፊት ስትኳል ባዩአት ጊዜ ጥያቄያቸው አንድ ነበር።

«ደግሞ ይኼን ከየት አመጣሽው?»

«ኧረ እምዬ፣ ኩል እኮ ነው!»

«ኩልማ ድንጋይ ነው። እንጨት ሲኳሉት አይቼ አላውቅም።»

በዚያ ዕለት ለጥየቃ መጥተው የነበሩ፣ ዘመናቸውን በቅኔ ቤት የፈጸሙ አንድ የቤተ ሰባችን መሪጌታ ነገሩን እንደ ዋዛ አላለፉትም። ድንጋይም ሆነ እንጨት ልዩነት እንደሌለው፣ ዐይንን መኳል ለሴቶች ልጆች ያስተማረ ከሰማይ የወረደው አዛዝኤል መሆኑን፣ ይህም በመጽሐፈ ሄኖክ በስምንተኛው ምዕራፍ ተጽፎ እንደሚገኝ በረጋ ድምፅ አስረዱን። እውነታቸውን ነው። እንዲያውም ይህን ክስ ለዓለም ጠብቀን ያቈየነው እኛው ነን፤ ሌላው ዓለም መጽሐፉን ጥሎት ጥቂት ቍርጥራጭ ብቻ ሲቀርለት፣ ሙሉው በግእዝ በብራና ላይ ተጽፎ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ተጠብቆ ኖሯልና። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1770 የዓባይን ምንጭ ለማየት እስከ ግሽ ዓባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ይዞ ወደ አውሮፓ ተመለሰ፤ ከእነዚያም አንዱ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ ታተመ። የለንደን ወይዛዝርት የመኳያቸውን አስተማሪ ስም ያነበቡት እንግዲህ ከእኛ ብራና ነው።

መሪጌታው ያን ቀን የተረኩልን ግን የምዕራፉን እኩሌታ ነበር። በዚያው ቍጥር፣ ከኩሉ አስቀድሞ፣ አዛዝኤል ለሰው ልጆች ሰይፍና ካራ፣ ጋሻና ጥሩር መሥራትን እንዳስተማረ ተጽፏል። ይህን በትሕትና ባስታወስኋቸው ጊዜ እርሳቸው ጕሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ አያቴ ግን ወደ ግድግዳው ቀና አሉ፤ በዚያ ላይ የአባታቸው ጋሻ ተሰቅሏል።

«እንግዲያስ አባቴ ያንን ከየት አመጡት?»

ከአንድ መምህር በአንድ ቀን ከተማሩት ሁለት ደቀ መዛሙርት አንዱ በአደባባይ ሲፎክር፣ ሌላዪቱ በጓዳ ተደብቃ እንድትኳል የተፈረደው በየትኛው ችሎት እንደ ሆነ እስካሁን አልደረስሁበትም። መጻሕፍቱ ራሳቸው በዚህ ነገር አንድ ቃል አይደሉም። ኤልዛቤል በመስኮት ልትመለከት ስትል ተኳለች፤ ውሾችም በሏት። ዮዲት ደግሞ ሽቱ ተቀብታ፣ ጠጕሯን አበጥራ፣ አልቦና አምባሯን አድርጋ ወደ ሆሎፎርኒስ ድንኳን ገብታ ራሱን ቈረጠችው፤ ሕዝቧም አመሰገኗት። አስቴር ወደ ንጉሡ ከመቅረቧ በፊት የነበረውን ሥርዐት ያየን እንደ ሆነ፣ ስድስት ወር በከርቤ ዘይት፣ ስድስት ወር በሽቱ ያልፋልና፣ በመስተዋት ፊት ግማሽ ሰዓት ቈየች ተብላ የምትወቀስ ልጅ ይህን ምዕራፍ በቃሏ ብትይዝ ይበጃታል። በዮሐንስ ራእይም ለሎዶቅያው መልአክ ዐይኑ ያይ ዘንድ ኩል እንዲገዛ ተመክሯል። እነሆ ኩል በአንዱ መጽሐፍ የወደቀ መልአክ ትምህርት፣ በሌላው መድኃኒት ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥም ቢሆን ሠዓሊው ለማን እንዳዳላ ግልጽ ነው። የአገራችን ሠዓሊ ጻድቃንን ሙሉ ፊት፣ ዐይናቸውን ሰፊና ዙሪያውን በጥቁር የተከበበ አድርጎ ሲሥል፣ ሰይጣንንና ክፉዎችን በጐን፣ በአንድ ዐይን ብቻ ያሳያቸዋል፤ ስለዚህ ኩልን አስተማረ የተባለው ራሱ ሊኳለው የደረሰው ዐይን አንድ ነው። በከንፈር ቀለም ላይ ካህናቱ የሚያነሡት ቅሬታ ግን የሃይማኖት ሳይሆን የንጽሕና ነው፤ ቀለሙ በተሳለሙት መስቀል ላይ ይቀራልና በዚህ ረገድ ከካህናቱ ጋራ ነኝ።

አዛዝኤልን ትተን ድንጋዩን እንጠይቅ። የጥንት ግብጻውያን ብዙ ጊዜ ይኳሉት የነበረው ጋሌና ይባላል፤ የእርሳስ ማዕድን ከድኝ ጋራ የተዋሐደበት ድንጋይ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1999 የፈረንሳይ ኬሚስቶች በሉቭር ሙዚየም የሚገኙ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2000 እስከ 1200 ዓመት ባለው ዘመን የተሠሩ የኩል ብልቃጦችን መርምረው፣ ከጋሌናው ጋራ በተፈጥሮ እንደ ልብ የማይገኙ፣ በሰው ብልኀት የተቀመሙ የእርሳስ ጨዎች አገኙ። ግብጻውያን ለውበት ብቻ ሳይሆን ለመድኃኒትም እንደ ደከሙ ይህ ያስረዳል፤ አያቴም «ዐይን ያጠራል» ሲሉ የቈየ ወገን አላቸው ማለት ነው። ዛሬ ግን ያው ማዕድን በደም ውስጥ እየተጠራቀመ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ እንደሚጐዳ ታውቋልና፣ ከገበያ የተገዛ ድንጋይ በሕፃን ዐይን ላይ ሲደረግ ባየሁ ቍጥር አዛዝኤልን ሳይሆን ድንጋዩን እፈራለሁ። በእንጨት ውስጥ ያለው አዲሱ ኩል ብዙውን ጊዜ ከሰም፣ ከዘይትና ከጥላሸት ወይም ከብረት ዝገት የሚሠራ ነው፤ የተሠራበት ነገርና ማብቂያ ቀኑ ያልተጻፈበትን ግን አልገዛም። ሌላም አለ፤ የዐይን ማዝ ከዐይን ወደ ዐይን በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ የሚጋባ በሽታ ነው፤ የአማራ ክልልም ከሁሉ ይልቅ ከተጠቁት አንዱ ነውና፣ ስድስት እኅትማማቾች በአንድ መኳያ የሚኳሉበትን ፍቅር ለጊዜው ማላላት ሳይሻል አይቀርም።

ይህን ሁሉ ለአያቴ ስተርክ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ ድንጋዩ ይቅር ካልሁ እንጨቱን ራሴ እንዳመጣ አዘዙኝ። ደጀን ላይ አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም ወደ አንድ ሱቅ ገብቼ፣ ለሽማግሌ ሴት የሚሆን ኩል ብዬ ብጠይቅ፣ ሻጩ ወጣት ሳይስቅ ሁለት ዐይነት አወጣና፣

«በእንጨት ነው የሚጋግሩት?» አለኝ።

«አዎን።»

«እንግዲያውስ ይኼኛው ነው። ጭሱ ቢያስለቅሳቸውም አይወርድም፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።»

አያቴ ከጭስ ተለይተው ስለማያውቁ፣ ያለ ክርክር የጠየቀኝን ከፈልሁ።