ዋልያ የሚኖርበት አገር

ከጎንደር ከተማ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ ደባርቅ እንደርሳለን። ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ ስንወጣ አገሩ ደጋ ነው። ከዚያም ውርጭ ይሆናል። አስታና ጅብራ ይበዛል። ሳንቃበርን አልፈን ጨነቅ ስንደርስ ትልቅ ገደል እናያለን። በሰሜን ተራሮች 1,500 ሜትር የሚወርድ ገደል አለ።

ሰው የሚፈራው ይህ ገደል የዋልያ ቤት ነው። ዋልያ የዱር ፍየል ነው። ቀለሙ ቡናማ፣ ሆዱ ነጣ ያለ ነው። አውራው ጢም አለው። ቀንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ ነው፤ ርዝመቱም ከአንድ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። የእንስቷ ቀንድ ግን አጭርና ቀጭን ነው። እንስቷ አምስት ወር ያህል አርግዛ አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት ግልገል ትወልዳለች።

ዋልያ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በዱር አይኖርም። ከዚህ ከጠፋ ከዓለም ጠፋ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ያጠፋዋል? ቀድሞ ሰዎች ለሥጋው፣ ለቆዳውና ለቀንዱ ያድኑት ነበር። ቀንዱ ዋንጫ ይሠራበት ነበር። ኋላም እርሻው ወደ ተዳፋቱ ወጣ። ከብቱና ፍየሉ ሣሩን ጋጠው። ዋልያውም ወደ ገደሉ ተገፋ። የቤት ፍየል በሽታም ሊጋባበት ይችላል።

ቦታው በ1962 ዓ.ም. በሕግ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1989 ዓ.ም. ግን አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋር ተጻፈ። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ለዚህም የከፈለ ሰው አለ። የግጭ መንደር ነዋሪዎች አያቶቻቸው የኖሩበትን ቀዬ ለቀው ወደ ደባርቅ ሄደዋል። ገበሬ መሬቱን ሲለቅ ምን እንደሚሰማው እኛ ገበሬዎች እናውቀዋለን።

ከዚያ ወዲህ የዋልያው ቁጥር እንደገና ቀንሷል። ጦርነት ባለበት ጠባቂው ይሳሳል፤ አዳኙ ይደፍራል።

እንግዲህ ዋልያን ማዳን የዘበኛ ሥራ ብቻ አይደለም። ጥቂት ከብት በደንብ መያዝ፣ መኖ አጭዶ ማብላት፣ ፍየልን ማስከተብ፣ ተዳፋቱን አለማረስ ይጠቅማል። ይህን ለሚያደርግ ገበሬ ደግሞ ሌላ እንጀራ ሊገኝለት ይገባል። ልጆቹ ጦማቸውን እያደሩ ዋልያን ጠብቅ ቢሉት አይሆንለትም።