ከበዓል የተረፈ ከረሜላ

ልጆች ሆይ፥ የጾም ፈተና ከባድ መሆኑን ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ጾም ከተፈታ በኋላ ግን ሌላ ፈተና ይመጣል። እኔ ይህን ያወቅሁት ጎልማሳ ከሆንሁ በኋላ ነው። እንዴት እንዳወቅሁትም እነግራችኋለሁ።

አገሬ የመንዝ ደጋ ነው። በአገራችን ብርዱ ብርቱ ነው፤ እርሻችን ገብስና ባቄላ፥ መንጋችንም በግ ነው። በልጅነቴ ምግባችን እንጀራ፥ በሶና ቆሎ ነበረ። ጣፋጭ ነገር ቢባል ማር ነበረ፤ እርሱም ለበዓል፥ ለእንግዳና ለመድኃኒት ይቀመጣል እንጂ በየቀኑ አይላስም ነበር። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሳይጀምር፥ ስኳር ከባሕር ማዶ የሚመጣ ውድ ዕቃ ነበረ። ዛሬ ግን ስኳርም ከረሜላም በየሱቁ ይገኛል።

ባለፈው ዓመት አንድ ሐኪም ደሜን መርምሮ፥ «በደምዎ ውስጥ ያለው ስኳር ከልክ ጥቂት አልፏል። ገና በሽታ አልሆነም፤ ነገር ግን አመጋገብዎን ካላስተካከሉ ወደ ስኳር በሽታ ሊያደርስዎ ይችላል» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ለመድሁ። ዐቢይ ጾም በመጣ ጊዜም 55ቱን ቀን አንዲት ጣፋጭ ሳልቀምስ ፈጸምሁ። በልቤም፥ «እንግዲህ ሆዴን አሸነፍሁት» ብዬ ተመካሁ።

ለፋሲካ የወንድሜ ልጅ ከአዲስ አበባ መጣ፤ ለሕፃናትና ለእንግዶች ብሎም አንድ ትልቅ ከረጢት ከረሜላ አመጣልን። በዓሉን በደስታ ዋልን። ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ እንግዶቻችን ወደየቤታቸው ሄዱ። የዶሮው ወጥ አለቀ፤ የበጉም ሥጋ አለቀ። ከረሜላው ግን ከግማሽ በላይ ተረፈ። ሥጋ ቢቆይ ይሸታል፤ ዳቦ ቢቆይ ይሻግታል፤ ጠላም ቢቆይ ይሆመጥጣል። ከረሜላ ግን አይሸትም፥ አይሻግትም፤ ተቀምጦ ሰውን ይጠብቃል።

ከረጢቱን ከልጆች ዓይን ልሰውረው ብዬ ከጎታው ኋላ ሸሸግሁት። ከልጆች ሸሸግሁት እንጂ ከራሴ አልሸሸግሁትም።

በዚያች ሌሊት የቤቱ ሰው ሁሉ ሲተኛ እኔን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። «አንዲት ብቻ» አልሁና ተነሥቼ በላሁ። አንዲቱም ሌላዪቱን ጠራች። በማግሥቱም ሌሊት እንዲሁ ሆነ። በጾሙ ጊዜ አገሩ ሁሉ ከእኔ ጋራ ይጾም ስለ ነበረ መታገሥ አልከበደኝም ነበር። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው 50 ቀን ግን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ስለዚህ የሚከለክለኝ ሥርዓት አልነበረም፤ የሚያየኝም ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ የራሴ ኃይል ምን ያህል ጥቂት እንደ ሆነ ገባኝ።

በሰባተኛው ቀን ጧት የ8 ዓመት ልጄ ወደ እኔ መጥታ፥ «አባዬ፥ እንግዶቻችን ሌሊት ሌሊት ይመጣሉን?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ስለ ምን ጠየቅሽ?» አልኋት።

«ከጎታው ኋላ 30 የከረሜላ ወረቀት አገኘሁ» አለች።

እኔም ደንግጬ፥ «አይጥ ይሆናል» አልኋት።

እርስዋም ወረቀቶቹን አገላብጣ አየችና፥ «አይጥ ወረቀት እንዲህ አሳምራ ትፈታለችን?» አለች።

መልስ አጣሁ።

ቀኑን ሁሉ ሥራ ላይ ሳለሁ ይህ ነገር ከልቤ አልወጣም። አስቀድሜ ሒሳቡን አደረግሁ። በ6 ሌሊት 30 ከረሜላ መብላት፥ በአንድ ሌሊት 5 መብላት ነው። አንዲት ጠንካራ ከረሜላ 4 ወይም 5 ግራም ያህል ትመዝናለች፤ ከጥቂቱ በቀር ሁለንተናዋ ስኳር ነው። እንግዲህ በየሌሊቱ ከ20 እስከ 25 ግራም ስኳር በልቻለሁ ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው ምክር፥ በምግብና በመጠጥ የሚጨመር ስኳር ሰው በቀን ከሚያገኘው የምግብ ኃይል ከ100 እጅ 10 እጅ እንዳያልፍ፥ ከ5 እጅ በታች ቢሆን ደግሞ እንደሚሻል አስታውቋል። ይህ 5 እጅ ለአንድ አዋቂ ሰው 25 ግራም ያህል ነው፤ ማርም ከዚሁ ይቆጠራል። እኔ ግን የቀኑን ልክ በጨለማ በጥቂት ደቂቃ እጨርሰው ነበር። ጥርሴንም በድያለሁ። በአፋችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ስኳሩን እየበሉ አሲድ ይሠራሉ፤ አሲዱም ጥርስን ይቦረቡራል። ሌሊት ምራቅ ስለሚያንስ ጉዳቱ ይብሳል።

ነገር ግን ከስኳሩና ከጥርሱ ይልቅ ያሳዘነኝ ሌላ ነው። ለአንዲት ከረሜላ ብዬ ልጄን ዋሸሁ። በደሌንም በአይጥ ላይ ጣልሁ።

በመሸ ጊዜ ልጄን ጠርቼ እናቴ በተቀመጠችበት፥ «አይጥ አልነበረችም፤ እኔ ነበርሁ» አልኋት።

ልጄም፥ «አውቄ ነበር» አለች፤ ከዚህም በቀር ምንም አልተናገረችም።

እኔም አፍሬ፥ «ነገ ጧት የተረፈውን ሁሉ ለጎረቤት ልጆች አፍስሼ እሰጣለሁ» አልሁ። ያን ጊዜ እናቴ፥ «ልጄ፥ ለአንተ ያልበጀህ ለእነርሱ በአንድ ቀን እንዴት ይበጃቸዋል? ሸክምህን አውርደህ በሕፃን ጫንቃ ላይ ልትጥለው ነውን?» አለችኝ። እውነትዋን ነበረ።

ከረጢቱንም በመብራት ፊት አውጥተን ቆጠርነው፤ 42 ሆነ። የቤታችንና የጎረቤት ልጆች 6 ናቸው። ስለዚህ በየእሑዱ ከምሳ በኋላ አንዳንድ እንዲደርሳቸው፥ በልተውም አፋቸውን በውሃ ተጉመጥምጠው በወይራ መፋቂያ ጥርሳቸውን እንዲያጠሩ ወሰንን። እንዲህ ከሆነ ለ7 እሑድ ይበቃል። ከረጢቱን ልጄ ተረከበች።

«የእኔስ ድርሻ?» ብዬ ብጠይቃት፥ «የአባዬ 30 አልቋል» አለች። እናቴም ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ፍርድዋ ግን ትክክል ስለ ነበረ ተቀበልሁት።

በከረጢቱም ስፍራ እናቴ የገብስ ቆሎ በሙዳይ አድርጋ አስቀመጠች። ምኞቱ በአንድ ቀን አልጠፋም። ብዙ ሌሊት እጄ በጨለማ ወደ ጎታው ኋላ ተዘርግታ ቆሎ አግኝታለች። ቆሎ ግን ቶሎ አይዋጥም፤ ጥርስን ያሠራል፥ ሆድንም ይሞላል። ጥቂት ቆርጥሜ እተኛለሁ።

ልጆች ሆይ፥ በመጽሐፈ ምሳሌ ስለ ማር የተጻፈ ምክር አለ፤ የሚከለክለውም ማሩን ሳይሆን ከልክ ማለፉን ነው። ከረሜላም በልክና በብርሃን ቢበላ የበዓል ደስታ ነው። ተሸሽጎ ሲበላ ግን ውሸትን ይወልዳል። ስለዚህ ከምትወዱት ነገር ጋራ በየሌሊቱ ብቻችሁን አትታገሉ። በቀን ቁጠሩት፤ ለታመነ ሰው አስረክቡት፤ በስፍራውም የሚበጀውን አኑሩ። ብትሳሳቱም በአይጥ አታመካኙ።